እስከ መቼ ልዋጠው

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ በሰላምታ ተጀምሮ በሰላምታ ያልቃል፣ ጉዳዩ መሀል ይገባል ብሎናል። እንግዲህ ሰላምታዬን ይቀበሉኝና ወደ መሀሉ ልግባ፤ ያለኝ ወረቀት ይኸው ብቻ ነው።

ኪኒኑ ደርሶኛል። ሹፌር ደስታ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ በመስኮት ሊወረውርልኝ ሲል «ሽንኩርት መሰለህ እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት፤ መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምንድነው ላሉኝ የሆድ መድኃኒት ነው አልኩ። ጥቅምት ላይ ጡቴን አስቆርጬ መምጣቴን ከኢብሮ በቀር የሚያውቅ የለም። ለሌላው ሰው ሆዴን ነው የተቀደድኩት። ባሌ መቼም አፉ ከባድ ነው፣ ይዞልኛል። በቀሚሴ ስር ጨርቅ አጣጥፌ አስገባለሁ፤ አንዳንዴ ወደ ብብቴ ይሸሽብኛል፤ ያኔ የሽንኩርት ችግኝ የማርም መስዬ ጎንበስ እላለሁ። ስንት ጊዜ ጎንበስ እንዳልኩ ቢያዩ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

ጠጉሬ ሳስቷል እንጂ አላለቀም፣ ሻሽ ይሸፍነዋል። የወር አበባዬ እንደቀረ ቀርቷል። ውሃውን እንዳዘዙን እየጠጣሁ ነው፤ ጠዋት ኪኒኑን ከዋጥኩ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቅሉ ከእጄ አይጠፋም። ደጋግመው መጠየቅዎ ግን እናቴን አስታወሰኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሆስፒታል አልጋችን ጎን ለጎን ነበር፤ በአንድ ሳምንት ተቆረጥን፤ ኪኒኑንም ኅዳር ላይ እኩል ጀመርን። ሐኪሙ «በሽታው ወጥቷል፣ በዓይን የሚታይ የቀረ የለም» አለን። ወዲያው ደግሞ «ዓመት ሙሉ ይህን ትውጣላችሁ» አለን። የቀረ ከሌለ የምውጠው ለማን ነው? ከመዋጤ በፊት የሚያመኝ አልነበረም፤ አሁን የሚያመኝ ኪኒኑ ነው። እንዲያው እኔ ታማሚ ነኝ ወይስ ጤነኛ? እዚህ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ኢብሮ ሰላም ብሎዎታል። ማለቴ፣ ስጽፍ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

እህትዎ ዓይሻ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለዓይሻ፣

እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆትሽ ግን አልተቻለም፤ ዎርዱ ውስጥ ከነርሷ ጋር ስትጣዪ የነበረው ድምፅሽ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ጥያቄሽን ለሐኪሙ አቀረብኩለት፤ ያለኝን በአንቺ ቋንቋ ልንገርሽ። አንቺ ሽንኩርት ስታርሚ አረሙን ነቅለሽ ትጥያለሽ፤ ዘሩ ግን አፈር ውስጥ ወድቆ እንደሆነ ዓይንሽ አያየውም። ኪኒኑ ለዚያ ነው፤ ቀርቶ እንደሆነ ብሎ ነው። ቀርቶ ይሁን አይሁን ግን የሚያውቅ ሰው የለም አለኝ። ታማሚ ናት ወይስ ጤነኛ ብዬ ብጠይቀው «እኔም እንጃ» አለ። ወደድኩት።

ይህን ያለኝ አዲሱ ሐኪም ነው። የድሮው ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዷል። አዲሱ ወጣት ነው፣ በቅርቡ ከውጭ ተምሮ የመጣ። እንግዲህ ረጋ ብለሽ አንብቢው። በውጭ አገር ግማሽ ዓመት የዋጡትንና ዓመት የዋጡትን ሴቶች እያስተያዩ ሲከታተሉ እስካሁን ልዩነት አላገኙም አለኝ። ስለዚህ ለሁለታችንም ግማሽ ዓመት ይበቃል፤ ግንቦት መጨረሻ እናቆማለን። ከዚያ በላይ ደምንና የሽንት ፊኛን ይጎዳል እንጂ የሚጨምረው ነገር መኖሩ አልታየም። እርግጠኛ ነህ ወይ ብለው «እስካሁን የሚታወቀው ይህ ነው» አለኝ።

የክንዴ እብጠት ያው እንደነበረው ነው። የኛ አገር ሙቀት እንዴት ሆነ? ከቀወት ወጥቼ አዲስ አበባ ከተዳርኩ ስንት ዘመኔ፣ አሁንም መጋቢት ሲመጣ ላቤ ይመጣል። ውሃሽን ጠጪ። እናትሽን ካስታወስኩሽ እሰየው።

የሺ


ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፣

ደብዳቤዎን አነበብኩት። ይቆጡ እንደሆነ ይቆጡኝ፤ እኔ ግን የልቤን እጽፋለሁ።

ዓምና ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲጠፋ ሊቀ መንበሩ ሰብስቦን ስኳር ጥርስ ይጎዳል ብሎ ግማሽ ቀን አስተማረን። ሳሙና የጠፋ ጊዜ ደግሞ እንዶድ ከሳሙና ይበልጣል ተባልን። ስኳሩ በመጣ ሳምንት የጥርሱን ነገር ያነሳ አልነበረም። እኛ እዚህ ለምደነዋል፤ «ይበቃችኋል» ሲሉን «አልቋል» ማለታቸው ነው። እና ዓመት የተባለው ኪኒን በመሀል ግማሽ ዓመት ሲሆን ምን ልበል? የድሮው ሐኪም ሽበት ያለው ሰው ነው፤ ዓይኔን እያየ ዓመት አለኝ። ይኼኛው አይቶኝም አያውቅ።

እኔ ኪኒኑን እንደምወደው አይምሰልዎ። ስውጠው አንጀቴ እየተገለበጠ ነው። ግን ማታ ስተኛ ዛሬም ውጫለሁ፣ ዛሬም አልመጣብኝም እላለሁ። አቁሚ የተባልኩ ማታ ምን ብዬ ልተኛ ነው? ይኸን ፍርሃት ለሰው ነግሬ አላውቅም።

ዓመት ተብያለሁ፣ ዓመት እውጣለሁ። እርስዎም እንዳያቆሙ፤ በሞቴ። ከመጋዘን ጠፍቶ ከሆነ ኢብሮ አንዱን በሬ ይሸጣል፣ በሌላ በኩል ይፈለግ።

ዓይሻ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዓይሻ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። ኢብሮ በሬውን አይንካ።

ኪኒኑ አልጠፋም። የስኳሩን ነገር ለሐኪሙ ብነግረው ከልቡ ሳቀና እጄን ይዞ ወደ መድኃኒት ክፍሉ መስኮት ወሰደኝ። አለ፤ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ እንድታቆም እመክራታለሁ። ካላመነችኝ ግን ካርዷ ላይ ዓመት ተብሎ ተጽፏል፤ አልነጥቃትም። ደሟን በየወሩ ደብረ ብርሃን ታስመርምር። ውሃዋን እንዳትተው።» ስለዚህ የሰኔን በስምሽ ተቀብዬ ልኬልሻለሁ። እየላክሁም ልቤ አልወደደውም።

እኔ አቁሜአለሁ። ሐኪሙ በቃሽ አለኝ፣ በቃኝ። ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትቀየሚኝ፤ እጄ ትንሽ ስለደከመኝ ከስፌት ማኅበሩ ፈቃድ ጠይቄ እያረፍኩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌ ስይዝ የኖርኩ ሰው ማረፍ አይገባኝም? እባክሽ እኔን አይተሽ አንቺም ተዪው።

ረመዳን ሊገባ ነው አይደል? የታመመ ሰው አይጾምም ብላ የጎረቤቴ ልጅ ነግራኛለች። ቁርጡን ጻፊልኝ።

የሺ


ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፣

ረመዳን ገብቷል። ሙቀቱን አይጠይቁኝ፤ የሮቢ ወንዝ እንኳ ኮቱን አውልቆ በሸሚዙ የሚሄድ ይመስላል። ለኔ አያስቡ፣ ሸህ ሙሳን ጠይቄአለሁ። ነገሩ በወጉ ተይዟል።

ኪኒኑን እየዋጥኩ ነው፣ አላቋረጥኩም። ውሃዬንም እጠጣለሁ፣ እንዳይጨነቁ። እርስዎ ማቆምዎን ሳነብ ደነገጥኩ፤ በኋላ ግን ደህና ነኝ የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነት ደህና ነዎት? ማታ ሲተኙ ምን ብለው ነው የሚተኙት? እሱን ይጻፉልኝ።

አንድ የማልወደው ነገር፣ አማቴ እቴ ከዲጃ ትቆጥረኛለች። ሴት ሁሉ በወር አበባዋ ቀን ጾም ትፈታለች፤ የኔ ስለቀረ አንድም ቀን ጎድዬ አላየችም። «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች» ብላ ለኢብሮ ነገረችው። ኢብሮ ምን አላት መሰለዎ? «እንጃ» አላት።

አዝመራው ደርሷል፣ እየነቀልን ነው። ትንሽ ይደክመኛል። ሌላ ምንም የለም።

ዓይሻ


ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ የሺ የኔ እናት፣

የምሥራች። የወር አበባዬ ተመለሰ። ትናንት ጠዋት ደም አየሁ፤ እዚያው ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጡቴም ሄደ፣ የወር አበባዬም ቀረ፣ ሴትነቴ አለቀ ብዬ ነበር፤ ሳልነግርዎ ስንት ሌሊት እንዳሰብኩት። ይኸው ሰውነቴ እየተመለሰ ነው። ዓመቱን ልጨርስ ማለቴ ስሕተት እንዳልነበረ አላህ ሲያሳየኝ ነው።

አሁን ስለሆነልኝ ልንገርዎ። እስከ ትናንት እየጾምኩ ነበር። ሸህ ሙሳን «ታሞ የዳነ ሰው ይጾማል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ «የዳነማ ለምን አይጾምም?» አሉኝ። እኔም ሐኪሙ ወጥቷል ስላለኝ ድኛለሁ ብዬ ጾምኩ። ኪኒኑን በሱሁር ሰዓት ጎህ ሳይቀድ በአንድ ሲኒ ውሃ እውጥና ማታ እስክናፈጥር እቆያለሁ። ሽንኩርት ነቀላው ላይ አንዳንዴ ዓይኔ ይጨልም ነበር። ውሃ እጠጣለሁ ስል አልዋሸሁም፣ ማታ ማታ እጠጣ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

አሁን ደሙ ስለመጣ ጾሙን ፈታሁ። እቴ ከዲጃ ከዓይኗ ፈገግታ አልጠፋም። ትንሽ ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎም ይመጣብኛል፤ ከርሞ ስለመጣ ይሆናል። ደስ ይበልዎ።

ልጅዎ ዓይሻ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 27 ቀን 1975 ዓ.ም.
በሹፌር ደስታ እጅ

ዓይሻ፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ።

ይህ የወር አበባ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤሽን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሮጥኩ፤ ወረፋ ሳልጠብቅ ገባሁበት። ደሙ ከሽንትሽ ጋር ነው የሚመጣው፤ ልብ ብለሽ እዪ። ኪኒኑ በሽንት ነው የሚወጣው። ቀን ሙሉ ውሃ ካላጠበው ፊኛ ውስጥ ተኝቶ ያቆስላል። ለዚህ ነበር እንደ እናት የጨቀጨቅኩሽ። አንቺ ደግሞ ውጠሽው በዚያ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ደረቅሽ።

ከዛሬ ጀምሮ አንድም ኪኒን አትዋጪ። ሐኪሙ ያለው ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ዓመት የሚባል ነገር የለም፣ ለአንቺ አብቅቷል። ውሃ ጠጪ፣ ሌሊትም ተነሥተሽ ጠጪ፣ ሽንትሽንም አትያዢ። ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂና ይህን ወረቀት አሳዪያቸው። ደሙ እየረጋ ከመጣ ወይም ሽንት እምቢ ካለሽ በዚያው ሰዓት ወደ ደብረ ብርሃን።

ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። ማታ ምን ብለሽ ትተኚያለሽ ብለሽኝ አልመለስኩልሽም። ይኸው እኔ አቁሜአለሁ፣ ደህና ነኝ ብዬ እተኛለሁ። እኔን እያየሽ ተኚ።

ደስታ መልስሽን ሳይዝ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ።

የሺ


ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፣

ለደስታ በቃል «እሺ» ብዬ ላክሁ እንጂ ያን ቀን እጄ አልጻፈልኝም። አሁን ደሙ ቆሟል። ማቃጠሉም ቀስ እያለ እየተወኝ ነው። ኪኒኑን አቁሜአለሁ።

እፍረቴ አልለቀቀኝም። ደስ ብሎኝ ያለቀስኩበትን ቦታ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ሸህ ሙሳ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ዘረገፍኩላቸው፤ ጡቱንም፣ ኪኒኑንም፣ ደሙንም። ራሳቸውን ይዘው «አንቺ ሴትዮ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ሌላ ሰው ነው እኮ» አሉኝ። «ታሞ ድኖ መድኃኒት የሚውጥ፣ ሐኪም ውሃ ያዘዘለት ሰው ብትይኝ አፍሽን ከፍቼ አጠጣሽ ነበር። ግማሹን ጠይቀሽ ሙሉውን ተሸከምሽ።» አኩርፈው ነበር፤ ሲሸኙኝ ግን ያልጾምሽውን ቀን ቀዷ አሁን አውጪ የሚልሽ የለም፣ ስታገግሚ ያኔ እንነጋገራለን አሉኝ። ምሥጢሬንም ይይዛሉ።

አሁን የቀረኝ ፍርሃቱ ነው። ማታ እጄ የቀረውን ጡቴን ይፈትሻል፣ ከዚያ ጠባሳውን፣ ከዚያ ብብቴን። ኢብሮ የተኛ መስሎ ያየኛል። ሐኪሙ ስላለኝ እንዳይመስልዎ የምተኛው፤ እትዬ የሺ አቁማለች፣ እትዬ የሺ ደህና ናት እላለሁ፣ እተኛለሁ። ወላሂ ሌላ ምርኩዝ የለኝም።

ነሐሴ ላይ ለምርመራ እመጣለሁ። ከእርስዎ ቤት ነው የማርፈው፣ ሌላ ቦታ የለኝም።

ዓይሻ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዓይሻ፣

ደሙ መቆሙን ሰምቼ ጧፍ አበራሁ።

ነሐሴ ግን አትምጪ። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ አያሳይም፣ መንገዱም ናዳ አለው ይላሉ። ቤቴም ጠቧል፣ የእህቴ ልጆች ለክረምት መጥተዋል። ምርመራሽን ደብረ ብርሃን አድርጊ። ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ እንገናኛለን። ስለ እኔ የጠየቅሽው ሁሉ ደህና ነው።

አጭር ስለጻፍኩ አትቀየሚኝ።

የሺ


ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

የሺ፣

እትዬም አልልሽም፣ አንቱም አልልሽም። ለዋሸኝ ሰው አንቱታ የለኝም።

አትምጪ ስትዪኝ ልቤ ጠረጠረ። ባለፈው ማክሰኞ መጣሁ። በጭጋጉም በናዳውም በኩል መጣሁ። መጀመሪያ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። መረመረኝ፣ ንጹሕ ነሽ አለኝ፤ ሽንትሽም ጠርቷል አለኝ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል «የወይዘሮ የሺ ክንድ እንዴት ዋለ? መድኃኒቱ ሕመሙን አስታገሰላት?» አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው፣ አልፈርድበትም። ምኑን ስለው ደነገጠና ዝም አለ። ዝምታውን ከኢብሮ ጋር ስለኖርኩ አነበዋለሁ።

ቤትሽ መጣሁ። የእህትሽ ልጆች የሉም። ጎረቤትሽ በሩን ገርበብ አድርጋ «እንቅልፍ ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ወሰዳት» አለችኝ። አየሁሽ። ክንድሽ እንደ ትራስ አብጦ ደረትሽ ላይ ተቀምጧል። ጠባሳሽ ላይ የታሰረውን ፋሻ አየሁ። ልቀሰቅስሽ እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። ብትነቂ ምን ልልሽ ነው? ልሰድብሽ ነው ወይስ ላቅፍሽ? የያዝኩትን ፓፓያ ለጎረቤትሽ ሰጥቼ፣ መምጣቴን እንዳትነግርሽ አስምዬ ወጣሁ። መናኸሪያ እስክደርስ አለቀስኩ።

ግንቦት ላይ አቆምኩ፣ ደህና ነኝ አልሽኝ። አቆምሽ፣ መጣብሽ። እኔም አንቺን አይቼ አቆምኩ። የተደገፍኩበት ግድግዳ ውሸት ነበር። ታዲያ እኔስ ላይ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

ከሰኔ የተረፈ ኪኒን ሳጥን ውስጥ አለኝ። ከነገ ጠዋት እጀምራለሁ። ውሃውን እጠጣለሁ። ፊኛዬ ይድማ፤ ደም ከዚያኛው ይሻላል። ዓመት የተባለውን ዓመት እጨርሰዋለሁ። ሐኪሙን አልጠይቅም፣ አንቺንም አልጠይቅም።

ለምን ዋሸሽኝ?

ዓይሻ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1975 ዓ.ም.
በሹፌር ደስታ እጅ

ዓይሻ፣

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ማንበብ ካቃተሽ ለኢብሮ ስጪው።

ነገሩን ገልብጠሽ ይዘሽዋል። ስላቆምኩ አልመጣብኝም። ስለመጣብኝ ነው ያቆምኩት። ሚያዝያ ላይ፣ በሞቴ አታቁሚ ያልሽኝ ደብዳቤ በደረሰ ሰሞን፣ ጠባሳዬ ጫፍ ላይ እንደ ሽምብራ ያለ ነገር ዳሰስኩ። ያን ጊዜ ኪኒኑን በየጠዋቱ እውጥ ነበር፣ አንዲት አላጎደልኩም፣ ውሃዬን ጠጥቼ። እየዋጥኩ አደገ። ለሐኪሙ ባሳየው «ይህ መድኃኒት አልያዘውም፣ መዋጡ ትርፉ ድካም ነው» ብሎ አስቆመኝ። ዓመት ብውጠው፣ ሁለት ዓመት ብውጠው ያው ነበር። ካላመንሽኝ ካርዴ ላይ ቀኑ አለ፣ እሱንም ሐኪሙ ያሳይሻል።

ለምን ዋሸሽኝ አልሽ። በመጀመሪያ ላስፈራራሽ ስላልፈለግኩ። በኋላ ደግሞ ደም ስትሸኚ፣ እኔ ደህና ነኝ ካላልኩሽ እንደማታቆሚ ስላወቅኩ። ያን ቀን ለሐኪም እምቢ ትዪ ነበር፣ ለእኔ ግን እሺ አልሽ። ዛሬም ቢሆን እዋሽልሽ ነበር። አልጸጸትም።

ታማሚ ነኝ ወይስ ጤነኛ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ታማሚ ነኝ። አሁን ታማሚ መሆን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ሌሊቱንም ቀኑንም አውቀዋለሁ። አንቺ አይደለሽም። ነገ አይመጣብሽም ብዬ አልምልልሽም፣ የሚምልልሽም ሰው የለም። ግን ዛሬ የለብሽም። ያልመጣን ነገር ለማባረር ብለሽ ያለሽን ፊኛ አታቁስይ።

አንቺ ስትዪኝ ደስ አለኝ። ታናሽ እህቴ ስትቆጣ እንደዚያ ነበር የምትለኝ።

አስምለሻት የሄድሽው ጎረቤቴ መምጣትሽን ነግራኛለች። ፓፓያው ከየት መጣ ልትለኝ ኖሯል? ለዚህ ጊዜ አይተሽኛልና ይበቃል፤ ደግመሽ አትምጪ። እንዲህ ሆኜ እንድታስታውሺኝ አልፈልግም። ኪኒኑን ብቻ ጣዪልኝ።

የሺ


ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለየሺ፣

አንቱ ልልሽ ሞከርኩ፣ አንዴ ከአፌ ወጥቷልና አልመለስ አለኝ። ቻዪኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ጀምሬ ነበር። አራት ጠዋት ውጬ፣ በአምስተኛው ማቃጠሉ ተመልሶ፣ ጥርሴን ነክሼ ልቀጥል ነበር። የግራ እጅ ጽሕፈትሽን እኔ እያነበብኩ ኢብሮ ሰማ። «እየዋጥኩ አደገ» ያልሽበትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኢብሮ ተነሥቶ ሳጥኑን ከፈተና ኪኒኑን አውጥቶ በመዳፉ ይዞ ፊቴ ቆመ። «ይበቃሻል» አለኝ። ከሰርጋችን ወዲህ በአንድ ቀን ይህን ያህል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔው ራሴ ተቀብዬው ጤና ጣቢያ ወሰድኩና ለጤና ረዳቷ አስረከብኩ።

አቆምኩ፣ የሺ። አሁን ማንንም አይቼ አይደለም። ማታ የምደገፍበት የለኝም። እፈራለሁ። ስነሣም እፈራለሁ፣ ሽንኩርት ስተክልም እፈራለሁ፤ ለፍርሃቱ ግን የሚዋጥ ነገር እንደሌለ ገባኝ። አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ቀን እረሳዋለሁ። ትናንት እስከ ማታ ረሳሁት።

ዓረፋን ከዋልን በኋላ እቴ ከዲጃን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ካልነገርኩ ለምን አዲስ አበባ እንደምሄድ መናገር አልችልም። ቀሚሴን ገልጬ ጠባሳውን አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «እኛ እኮ ልጅ እንዳትወልድ ሆዷን አስቋጠረች ብለን ስናማሽ ከረምን» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ እሷ ሳቁ መሀል ማልቀስ ጀመረች። ቤቱንም አዝመራውንም እኔ አያለሁ፣ ሂጂ ብላኛለች።

አትምጪ ብለሻል። ሰምቻለሁ፣ እመጣለሁ። ሐሙስ በሹፌር ደስታ አውቶቡስ ነኝ፤ ይህ ወረቀት ከእኔ በኋላ ቢደርስ አብረን እናነበዋለን። ክንድሽን እኔ አጥብልሻለሁ፣ ጠጉርሽን እኔ አበጥራለሁ። መስቀል ነውና በጉን ጎረቤትሽ ታሳርድልሽ፣ የክርስቲያን ሥጋ ስለሆነ እኔ አልነካውም፤ ሽንኩርቱን እኔ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ፣ መክተፉም የኔ ነው። ስትታመሚ ላይሽ ነው የምመጣው። ደህና ነኝ እንድትዪኝ አልፈልግም።

ልብሴን ጠቅልዬአለሁ። እስከ መቼ ትቆያለሽ ብለሽ አንቺም አትጠይቂኝ፣ እኔም ሐኪሙን አልጠይቅም።

ዓይሻ